ሴኡልን በሁለት ቀን ማንበብ

ሰኞ አመሻሽ ላይ ኢንቾን አረፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ወደ ቶኪዮ መሄድ አለብኝ። በመሀል ሁለት ሙሉ ቀን አለኝ፣ ማክሰኞና ረቡዕ። ሴኡልን የማይበት ጊዜ ይኸው ነው።

ከተማዋን የማየት ምኞቴ የቆየ ነው። ልጅ ሳለሁ ኮሪያ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው አንድ ካፖርት ነው። የሰፈራችን አባባ ሻምበል ሐምሌ ሲገባ የሚለብሱት ረጅም ወታደራዊ ካፖርት ነበራቸው። እሳቸው በኮሪያ ጦርነት የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ዘማች ነበሩ። ማታ ማታ ደጃቸው ላይ እንሰበሰብና "አባባ፣ ኮሪያ እንዴት ነበር?" እንላቸዋለን። የውጊያ ወሬ እየጠበቅን ነው። እሳቸው ግን ውጊያውን አያነሱትም። "ብርድ ነው ልጆቼ፣ ብርድ" ይላሉ። አሁን የበረዳቸው ይመስል እጃቸውን ያፋትጋሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

የልጅ ልጃቸው ዛሬ ሴኡል ትማራለች። ለኮሪያ ዘማቾች ቤተሰብ በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ነው የሄደችው። ሕፃን ሆና "ሚጣ" እላት ነበር። አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ነው፤ ለእኔ ግን ያው ሚጣ ናት። ኤርፖርት መጥታ ተቀበለችኝ።

ወደ ከተማ የሚወስደው ባቡር ውስጥ ስልኬን አውጥቼ የምናያቸውን ቦታዎች ዝርዝር አሳየኋት። ረጅም ነው። ቤተ መንግሥት፣ ማማ፣ ገበያ፣ በር፣ ወንዝ፣ ሙዚየም። አየችውና "ጋሼ፣ እሱን ያስቀምጡትና መጀመሪያ ይህን ያንብቡ" አለችኝ። ከባቡሩ በር በላይ የተጻፈውን እያሳየችኝ ነው።

የከተማዋ ስም ነው። ሁለት ፊደል ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እያንዳንዱ ከትንንሽ ምልክቶች የተገጣጠመ ነው። የመጀመሪያዋ ምልክት ቁርጥ የእኛን "ለ" ትመስላለች።

"እሷ 'ሰ' ናት" አለችኝ።

ሁለተኛው አናት ላይ አንዲት ክብ አለች። "ይቺስ?" ስትለኝ ሳላስበው "ዐይኑ ዐ!" አልኳት። ሳቀች። "ልክ ነዎት፣ የእኛው ዐይኑ ዐ ናት" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሪያ ፊደል ያቺ ክብ መጀመሪያ ላይ ስትመጣ ድምፅ የላትም። አናባቢውን ትሸከማለች፣ በቃ። የእኛም ዐይኑ ዐ በአማርኛ የራሱን የጉሮሮ ድምፅ ካጣ ቆይቷል። ግዕዙ ነው የሚያውቀው፤ እኛ አፍ ላይ የቀረው አናባቢው ነው። ሁለቱ ፊደላት ዝምድና የላቸውም፣ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። እኔ ግን ልቤ ሞቀ። ሰው በማያውቀው ሀገር የሚያውቀው ፊት ያየ ያህል ነው። ባቡሩ ሴኡል ጣቢያ እስኪደርስ ስሟን በየማስታወቂያው ላይ ስለቅም ሄድኩ። እዚያ "ለ" እና "ዐ"፣ እዚህ "ለ" እና "ዐ"።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ግዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት ሄድን። የጥቅምት መጨረሻ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ሙሉ በሙሉ ወርቅ ሆኗል፣ አስፋልቱም ቢጫ ለብሷል። በሩ ስንደርስ ተዘግቷል። ለካ ይህ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ማክሰኞ አይከፈትም። ሚጣ ከፈተና ስለወጣች ቀኑ ጠፍቶባታል። እኔም ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ካለኝ ሁለት ቀን አንዱ በር ላይ ቀረ ብዬ ሆዴ ባባ።

ስለዚህ በሩን አየን። ጓንግህዋሙን ይባላል። በጉዞዬ ሁሉ ያን ያህል ጊዜ ቆሜ ያየሁት ነገር የለም፣ ከአንድ በስተቀር። እሱን እደርስበታለሁ።

ሦስት ቅስት ያለው የድንጋይ መሠረት ነው። በላዩ ሁለት ደረጃ ጣሪያ ያለው የእንጨት ቤት ተቀምጧል። ጣሪያው ጫፉ ላይ ቀና ይላል። ከኋላው ተራራ አለ። ያማረ ነው፤ ሰውም ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ታሪኩን ሲሰሙ ግን ማለፍ ያቅታል። (የማነሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ከነወራቸው በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የተሠራው በ1395 ነው፣ የጆሰን ሥርወ መንግሥት ሴኡልን ዋና ከተማው ሲያደርግ። በ1592 ጃፓኖች ሲወርሩ ቤተ መንግሥቱ ከነበሩ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ 270 ዓመት ያህል ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ1860ዎቹ እንደገና ተሠራ። ኮሪያ የጃፓን ቅኝ ግዛት ስትሆን ደግሞ ገዢዎቹ በሩን ነቅለው ወደ ጎን ወሰዱት። የራሳቸው ሕንፃ እንዲታይ ነው። በኮሪያ ጦርነት የላዩ እንጨት ተቃጠለ። በ1968 በኮንክሪት ተሠራ፣ ቦታውም ትንሽ ተዛነፈ። በ2010 ኮንክሪቱ ተነሥቶ በጥንቱ ቦታ፣ በእንጨትና በድንጋይ ተመለሰ።

እኔ ፊት ለፊት የቆምኩት በር እንግዲህ ከብዙዎቻችን ልጆች ያነሰ ዕድሜ ያለው ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "ታዲያ እውነተኛው አይደለማ" ይላል። እኔ እንደዚያ አልተሰማኝም። ስንት ጊዜ እንደወደቀ ሳስበው ይበልጥ ከበደኝ።

ደግሞ ሰሌዳው አለ። በሩ አናት ላይ የበሩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ጥቁር ነው፣ በላዩ ሦስት ወርቃማ ፊደላት። በባቡሩ በተማርኩት ላነብ ሞከርኩ። አንዱም አልታወቀኝም። "ለ" የለ፣ ዐይኑ ዐ የለ። ሚጣን አየኋት።

"የቻይና ፊደል ነው ጋሼ። ስንት ክርክር አለበት መሰለዎት!"

በ1968ቱ በር ላይ ሰሌዳው በኮሪያ ፊደል ነበር። የጻፉት ፕሬዚዳንቱ ፓርክ ቹንግ ሂ ራሳቸው ናቸው። በ2010 በሩ ወደ ጥንቱ ሲመለስ ሰሌዳውም ወደ 1860ዎቹ የቻይና ፊደል ተመለሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ እንጨቱ ተሰነጠቀ። ሕዝቡ ተቆጣ። ከዚያ ደግሞ ቀለሙም ትክክል አይደለም ተባለ፤ ነጭ ላይ በጥቁር ነበር የጻፉት። አሜሪካ ውስጥ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም የተቀመጠ የድሮ ፎቶ ተመረመረና መደቡ ጥቁር እንደነበረ ታወቀ። አሁን ያለው ሰሌዳ የተሰቀለው በጥቅምት 2023 ነው። ክርክሩ ግን አልቆመም። "የሀገራችን ዋና በር ስሙ በራሳችን ፊደል ይጻፍ" የሚሉ አሉ። "ታሪክ እንደነበረ ይመለስ" የሚሉም አሉ።

ክርክሩን የሚያከብደው ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የተቀመጠው ሰው ነው። ንጉሥ ሴጆንግ ናቸው። የኮሪያን ፊደል ያስገኙት ንጉሥ። በ1443 ጨረሱት፣ በ1446 ለሕዝብ አወጁት። ሐውልታቸው ግዙፍ ነው፣ ከ6 ሜትር በላይ። ዙፋን ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው መጽሐፍ ይዘዋል፣ ቀኙን ወደ ሕዝቡ ዘርግተዋል። ጀርባቸውን የሰጡት ለዚያ በቻይና ፊደል ለተጻፈው በር ነው።

ንጉሡ አዋጁን ሲጀምሩ ያሉት ሐሳብ ይህ ነው፤ የሀገራችን ንግግር ከቻይና ይለያል፣ ስለዚህ ተራው ሰው የሚለው እያለው መጻፍ አልቻለም፣ ለእሱ አዝኜ 28 ፊደል አዘጋጀሁ። አብረዋቸው የሠሩት ሊቅ ደግሞ መግለጫው ላይ ብልህ ሰው ጠዋቱ ሳያልቅ ይማረዋል፣ ሞኝም ቢሆን በ10 ቀን ብለው ጽፈዋል። መሳፍንቱ አልወደዱትም። ፊደሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲናቅ ኖሮ ለመንግሥት ሥራ የበቃው በ1894 ነው። ዛሬ የሚሠራባቸው መሠረታዊ ፊደላት 24 ናቸው፣ መስከረም 29 ወይም በእነሱ ኦክቶበር 9 የፊደል በዓል ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። ለፊደል ሥራ የሚዘጋ ሀገር!

ሐውልቱ ሥር ቁጭ ብዬ ስለ ቦሌ መንገድ አሰብኩ። ስለ ሱቆቻችን ሰሌዳ። እንግሊዝኛው ሰፊ፣ አማርኛው ከሥር ቀጠን ብሎ፣ አንዳንዴም ከነፊደል ግድፈቱ። ከጥንት የመጣ የራሳችን ፊደል አለን። ማንም ነጥቆን አያውቅም። ስለዚህም ይሆናል ስለሱ በር ላይ ቆመን የማንከራከረው። ኮሪያውያን በቅኝ ግዛቱ መጨረሻ ዓመታት ልጆቻቸው ቋንቋቸውን ትምህርት ቤት እንዳይማሩ፣ ስማቸውንም ወደ ጃፓን ስም እንዲለውጡ ተገደዋል። ያንን ያየ ሰው ስለ አንድ ሰሌዳ 10 ዓመት ቢከራከር አይፈረድበትም።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ በሩ ላይ የኮሪያውን ፊደል ማየት እወድ ነበር። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ሲያልፍ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር።

ከአደባባዩ ወረድ ሲሉ ቾንግጌቾን የተባለው ወንዝ ይገኛል። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በመሀል ከተማ ይፈሳል። ዳሩ ላይ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ምሳቸውን ይበላሉ፣ ሽማግሌዎች ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ይነክራሉ። ከጦርነቱ በኋላ እዚህ ዳር የተፈናቃይ ጎጆ ነበር የተደረደረው። ውኃው ሲቆሽሽ በኮንክሪት ሸፈኑት። በላዩ ድልድይ መንገድ ሠሩበት። በ2003 መንገዱን ማፍረስ ጀመሩ፣ በ2005 ወንዙ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር ውኃው በአብዛኛው ከትልቁ ሀን ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ ነው። "ወንዝ አይባልም" የሚሉ አሉ። እኔ ቀበና ወንዝን በአፍንጫዬ ይዤ ነው ያደግኩትና ለመተቸት አቅም አጣሁ። ንጹሕ ውኃ ከተማ መሀል ሲሄድ መስማት እንዴት ደስ ይላል።

በወንዙ ዳር ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ጓንግጃንግ ገበያ ትደርሳላችሁ። ከ1905 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። ሚጣ እጄን ይዛ በጠባብ መተላለፊያ አስገባችኝና "ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ዛሬ እንብላ" አለች። የቀረበልን ምን መሰላችሁ? ጥሬ ሥጋ! በቀጭን በቀጭኑ የተከተፈ የበሬ ቀይ ሥጋ። በሰሊጥ ዘይት ታሽቷል፣ ከሥሩ የተከተፈ ፒር አለ፣ አናቱ ላይ የእንቁላል አስኳል። ሚጥሚጣ የለም፣ አዋዜ የለም። ግን ሥጋው ትኩስ ነው፣ ሰሊጡ ይሸታል፣ ፒሩ ጥርስ ላይ ይሰበራል። ከጎናችን የተቀመጡ እናት ስንጎርስ አይተው በግርምት ፈገግ አሉ። የውጭ ሰው ጥሬ ሲፈራ ለምደው ይሆናል። ሚጣ በኮሪያኛ የሆነ ነገር አለቻቸው። "እኛም ሀገር ይበላል" ነው ያለቻቸው። እሳቸውም ከራሳቸው ሳህን በቾፕስቲክ አንሥተው ሳህኔ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ጉርሻ እኮ ነው።

ማታ ናምሳን ወጣን። ኮረብታው ላይ የሴኡል ማማ አለ። ከ1962 ጀምሮ በሚሠራው የገመድ መኪና ነው የወጣነው። ወረፋው ረጅም ነበር። ላይኛው አጥር ላይ ፍቅረኞች የቆለፉት ቁልፍ ቁጥር ስፍር የለውም። ከታች ከተማው እስከ አድማስ ይበራል፣ በሩቅ 555 ሜትር የሆነው የሎቴ ሕንፃ እንደ መርፌ ቆሟል። ያምራል። ግን ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። ከዚያ ከፍታ ምንም ነገር ማንበብ አይቻልም።

ረቡዕ ቤተ መንግሥቱ ተከፈተ። አራት ሰዓት ላይ የዘበኞቹ ለውጥ ሥርዓት አለ። ከበሮ ይመታል፣ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ዘበኞች ባንዲራ ይዘው ይሰለፋሉ። የባህል ልብሳቸውን ሀንቦክን የለበሰ በነፃ ይገባል፤ ስለዚህ ግቢው በሙሉ የሠርግ ቤት መስሏል።

እኔን የያዘኝ የዙፋኑ አዳራሽ ፊት ያለው ሜዳ ነው። በድንጋይ የተነጠፈ ነው። ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ ፀሐይ እንዳያንጸባርቅ ይላሉ። በመሀል የንጉሡ መንገድ አለ። በግራና በቀኝ ትንንሽ የድንጋይ ምሰሶዎች ተተክለዋል። በእያንዳንዱ ላይ ማዕረግ ተጽፏል። የሲቪሉ ሹማምንት በምሥራቅ፣ የጦሩ በምዕራብ፣ እያንዳንዱ በማዕረጉ ድንጋይ አጠገብ ይቆማል። ሚጣ ስታስረዳኝ "ቀኛዝማችና ግራዝማች በላ!" አልኳት። እሷ ቃላቱን የምታውቃቸው ከመንገድ ስም ነው። ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች እያልኩ ማን የት እንደሚዘምት ነገርኳት። እዚያ የሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ የራሳችንን ሥርዓት ሳስተምር ጥቂት ቆየን።

ግቢው ዛሬ ሰፊ ይመስላል እንጂ ቅኝ ገዢዎቹ ከቤቶቹ አብዛኛውን አፍርሰዋል። በ1926 ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ አቁመው ነበር፣ የጃፓን ገዢ መሥሪያ ቤት። ንጉሡ ከሕዝቡ እንዳይተያይ መሀል የገባ ግድግዳ በሉት። ከነፃነት በኋላ መንግሥት ራሱ ተጠቀመበት፣ ኋላም ሙዚየም ሆነ። ነሐሴ 1995፣ ነፃ የወጡበት 50ኛ ዓመት በዓል ዕለት፣ ማፍረስ ጀመሩ። የጉልላቱን ጫፍ አልጣሉትም። ከሴኡል ራቅ ባለችው ቾናን ከተማ ከመሬት ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡት። የሚያየው ሰው ሁሉ ከላይ ወደ ታች እንዲያየው ነው። ይህን ስሰማ የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ሲመለስ ቤታችን ውስጥ በቴሌቪዥን ያየነው ቀን ትዝ አለኝ። እናቴ ቆማ ነበር ያየችው።

ከግቢው በስተኋላ፣ ጸጥ ባለው ጥግ፣ ንግሥት ምዮንግሶንግ የተገደሉበት ቤት አለ። በጥቅምት 1895 ጃፓኖች ሌሊት ገብተው ገደሏቸው። ከአድዋ ድል 5 ወር ገደማ በፊት ማለት ነው። አንዱ ሕዝብ ሲወድቅ ሌላው ለመቆም ሲዘጋጅ፣ በአንድ ዘመን፣ ሳይተዋወቁ። ቤቱ ቀለም አልተቀባም፣ እንጨቱ ራቁቱን ነው። ጥቂት ቆመን ወጣን።

ወደ ዮንግሳን የሚወስደው አውቶቡስ በሱንግኔሙን በር ያልፋል። ይህ በር ጦርነቱን ሁሉ ተርፎ በየካቲት 2008 አንድ ሰው በመሬት ካሣ ተናድዶ በእሳት ለኮሰው። ሕዝቡ በማግስቱ አበባ ይዞ ሄዶ አለቀሰለት። በ2013 ተጠግኖ ተከፈተ። በመስኮት አየሁት፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነና አለፍን።

የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ዮንግሳን ውስጥ ነው፣ ከሳምጋክጂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። በ1994 ነው የተከፈተው። ግቢው ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የሁለት ወንድማማቾች ሐውልት ነው። ክብ፣ መሀሉ የተሰነጠቀ የድንጋይ ጉልላት ላይ ቆመዋል። ትልቁ የደቡብ መኮንን ነው፣ ትንሹ የሰሜን ወታደር። በጦር ሜዳ ተገናኝተው ተቃቅፈዋል። ትልቁ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ነው የያዘው። ይህን ሳይ ምን እንዳሰብኩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ሚጣም አልተናገረችም።

ሴኡል በዚያ ጦርነት ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋውጣለች። የእኛ ልጆች ፑሳን ወደብ የደረሱት በግንቦት 1951 ነው። ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘምተዋል። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች ሀገር እኛ ብቻ ነን። ቃኘው የሚለው ስም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከ"አባ ቃኘው" የመጣ ነው፣ አድዋ ከዋሉት። ከመካከላቸው አንድም የተማረከ የለም። ከ120 በላይ ሞተዋል። አጽማቸው ለሀገሩ በቅቷል።

አዳራሹ ውስጥ ጦር የላኩትን ሀገሮች የሚያሳይ ክፍል አለ። እዚያ አንድ ጽሑፍ ፊት ቆምኩ። አምስት ፊደል። የመጀመሪያው ላይ ዐይኑ ዐ አለች። ሦስተኛው ላይም አለች። አምስተኛውም ላይ። ጣቴን እያስከተልኩ "ኤ… ቲ… ኦ…" ስል ሚጣ ትከሻዬን ያዘች። ለራሴ ነው ያነበብኩት፣ ማንም ሳይረዳኝ። በእነሱ አጻጻፍ የሀገራችን ስም ሦስት ዐይኑ ዐ አለው።

ስንወጣ መሽቷል። በዚህ ወራት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ብርዱም መጣ። ከደረጃው ግራና ቀኝ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ዙሪያውን የሚሄድ መተላለፊያ አለ። በግድግዳው ሰሌዳ ላይ የሞቱት ሁሉ ስም ተጽፏል፣ የኮሪያውያኑም፣ ከውጭ የመጡትም። የእኛዎቹን ፈልገን አገኘናቸው። በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት። ስልኬን መብራት አበራሁ።

በላቲን ፊደል የተጻፈ የሐበሻ ስም ታውቁታላችሁ። አንዱ "ቲ" ለተስፋዬም ለጥላሁንም ነው የሚያገለግለው። "ቀ" እና "ከ" ይቀላቀላሉ፣ ላልቶና ጠብቆ የሚነገረው አይለይም። በዚያ መንገድ በቀን ስንት ሺህ ሰው ያልፋል፤ ግን እነዚህን ስሞች እናቶቻቸው እንደጠሯቸው አድርጎ የሚያነብ ሰው ብዙ ቀን አይገኝም።

"ጋሼ፣ ጮክ ብለው ያንብቡት" አለችኝ ሚጣ።

አነበብኩ። ከነአባታቸው ስም፣ አንድ በአንድ። ድምፄ ሲደክም እሷ ትቀጥላለች። እሷ ስትደክም እኔ። የግቢው ጥበቃ መጣ። ልንዘጋ ነው ሊል መሰለኝ። ምን እያደረግን እንደሆነ ሲያይ ወደኋላ ብሎ ቆመ፣ ኮፍያውን አስተካከለ። እጄ ደነዘዘ። ስልኩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወርኩ አፋተግሁት። ያኔ ነው አባባ ሻምበል እጃቸውን ሲያፋትጉ ዓይኔ ላይ የመጡት።

እሳቸው በየዓመቱ ሻማ የሚያበሩለት አንድ ጓደኛ ነበራቸው። እዚያ የቀረ። ቤተሰቡ የሚያውቀው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ነው፣ የአባቱን ስም እሳቸው ሳይናገሩ አረፉ። ሚጣ ያን ስም ስትፈልግ ነበር ለካ። በዚያ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ሰሌዳው ላይ አገኘን። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የእነሱ ቤተሰብ ይኖራልና።

ሁለቱንም ደግመን አነበብን። ከዚያ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ለእናቷ ልትልክላት ነው፣ በእኛ ፊደል ጽፋ። መብራቱን ያዝኩላት። መጀመሪያዋ ፊደል ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ በእሳቱ 'ሰ' ነው ወይስ በንጉሡ 'ሠ'?"

ሰሌዳውን እንደገና አየሁት። ሰሌዳው አይነግረኝም። ሚጣ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች ጠበቀችኝ።